ፊት ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ ድኖ ሕመሙ አልለቅ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ ምን ይደረግ?

ሽፍታው ደርቋል፣ ቅርፊቱም ረግፏል። ያየ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይላል። ሕመምተኛዋ ግን ፀጉሯን ማበጠር አቅቷታል። ግንባሯ ይለበልባል፣ ቅንድቧ አካባቢ ይጠዘጥዛል፣ ነፋስ ሽው ሲል ፊቷን ይነዝራታል። የሚታይ ቁስል ስለሌለ ደግሞ የሚያምናት ሰው ይጠፋል።

ይህ ሕመም እውነተኛ ነው፤ ስምም አለው። ሐኪሞች ፖስት ሄርፔቲክ ኒውራልጂያ ይሉታል። አልማዝ ባለጭራ ከወጣ 3 ወር አልፎት እንኳ ያልለቀቀ የነርቭ ሕመም ማለት ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለታማሚውም ለአስታማሚውም ነው። ከሁሉ በፊት እንዲያዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቆዳው ዳነ ማለት ነርቩ ዳነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቅባትና የራስ ምታት ክኒን እየቀያየሩ መንከራተት ይቁም። የነርቭ ሕመም የራሱ መድኃኒትና የራሱ አወሳሰድ አለው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደተፈጠረ እንወቅ

ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በልጅነት ነው። ቫሪሴላ ዞስተር የሚባለው ቫይረስ መጀመሪያ ሲይዘን ጉድፍ ያወጣብናል። ጉድፉ ይድናል፣ ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም። የነርቮች ሥር ላይ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም የሰውነት መከላከያ በኤችአይቪ፣ በካንሰር ሕክምና፣ ወይም ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በመውሰድ ሲዳከም ይነቃል። ከዚያ አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ ከሰውነት አንዱን ጎን ብቻ መርጦ በመስመር የሚወጣው ለዚህ ነው።

የፊትን ስሜት የሚሸከመው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ነው። በቀኝና በግራ አንድ አንድ አለ። እያንዳንዱም ሦስት ቅርንጫፍ አለው። የላይኛው ግንባርን፣ የዓይን ቆብንና አፍንጫን ይይዛል። መካከለኛው ጉንጭን፣ የላይ ከንፈርንና የላይ ጥርስን ይይዛል። የታችኛው ደግሞ አገጭን፣ መንጋጋንና የታች ጥርስን። ፊት ላይ ሲወጣ ቫይረሱ አብዝቶ የሚያጠቃው የላይኛውን ቅርንጫፍ ነው። ይህ መጥፎ ዜና ነው፤ ዓይን እዚያው ሰፈር ናትና።

ቫይረሱ ሲወጣ ነርቩን ያቆስላል። አንዳንዱ የነርቭ ጭራ ይሞታል፤ ቦታው የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። የተረፈው ደግሞ ማንም ሳይነካው የሕመም መልእክት ይልካል። ሌባ ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ የመኪና አላርም አስቡ። አንጎልም በዚህ ጩኸት ብዛት ግራ ይጋባና ተራውን ንክኪ ሳይቀር እንደ ሕመም መቁጠር ይጀምራል። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ደንዝዞም የሚያመው። ለሰሚው ግራ ይሆናል፤ ለሕመምተኛው ግን የየቀኑ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ሽፍታው ገና ትኩስ ከሆነ ሰዓቱን ቁጠሩ

ይህን የምታነቡት ሽፍታው በወጣ በቀናት ውስጥ ከሆነ፣ የቀረውን ትታችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። የፀረ ቫይረስ መድኃኒት የሚሻለው ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለአዋቂ የተለመደው አሳይክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ወይም ቫላሳይክሎቪር 1000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ነው፤ ለ7 ቀን ያህል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም አዲስ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ወይም ዓይን ከተነካ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «አለፈኝ» ብላችሁ አትቅሩ።

መድኃኒቱ ሽፍታውን ቶሎ ያደርቃል፣ የመጀመሪያውን ሰሞን ሕመም ያቀላል፣ ዓይን የመጎዳት ዕድሉንም ይቀንሳል። በኋላ የሚቀረውን የነርቭ ሕመም ግን በእርግጠኝነት አይከለክልም። በሰዓቱ ወስደውም ሕመሙ ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉ። ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

ወራት ካለፉ በኋላ አሳይክሎቪር መዋጥ ግን ለዚህ ሕመም አይረዳም። አሁን የሚያሳምመው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ነርቩ ላይ ትቶት ያለፈው ጉዳት ነው።

ሽፍታው ውሃ ቋጥሮ ሳለ ጉድፍ ይዞት ለማያውቅ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ጉድፍ ካልያዛት ነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃን ራቁ። ቅርፊት ከሠራ በኋላ አያስተላልፍም። የቀረው የነርቭ ሕመም ደግሞ ፈጽሞ ተላላፊ አይደለም። ሰው ቢስማችሁ፣ አብሯችሁ ቢበላ ምንም አይሆንም።

ከ50 ዓመት በታች ሆናችሁ ፊታችሁ ላይ ከወጣባችሁ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። አትፈሩት። ካለ ማወቁ ይጠቅማል፣ ከሌለም ልብ ያርፋል።

ደረጃ 2፦ ስለ ሕመሙ ከማውራት በፊት ዓይንን አስመርምሩ

ሽፍታው ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ከነበረ ይህን ደረጃ መዝለል የለም። በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ወይም ጎን ላይ ወጥቶ ከነበረ ዓይን የመነካቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። የአፍንጫውን ጫፍና የዓይኑን ውስጥ የሚያገለግለው አንድ የነርቭ ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው። ሐኪሞች ይህን የሃቺንሰን ምልክት ይሉታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው። ቫይረሱ ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን የፊት መስታወት ሊያደነዝዘው ይችላል። የደነዘዘ ዓይን አቧራ ሲገባበት አያምም፣ ሲቆስልም አይናገርም። ሰውየው «ዓይኔ ደህና ነው፣ ግንባሬ ነው የሚያመኝ» እያለ ዓይኑ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባያማችሁም የዓይን ሐኪም የኮርኒያውን ስሜት እንዲፈትሽ ጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው፤ በቀጭን ጥጥ ጫፍ ነካ አድርጎ ማየት ብቻ ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ከመግባቱ በፊት መደረግ ግን አለበት።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ፦

- ዓይን ከቀላ፣ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም እይታ ከደበዘዘ።
- አንዱ የፊት ጎን ከወደቀ፣ ጆሮ ውስጥ ወይም ዙሪያ ሽፍታ ከታየ፣ መስማት ከቀነሰ ወይም ካዞረ። ይህ ራምሴይ ሃንት ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሌላኛው ነርቭ ሲጠቃ የሚመጣ ነው።
- እጅ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ አንደበት ከተሳሰረ። የፊት አልማዝ ባለጭራ ከያዘ በኋላ ባሉት ወራት የስትሮክ አደጋ ከፍ ይላል።
- ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና ግራ መጋባት አብረው ከመጡ።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ ይኸው ሕመም መሆኑን አረጋግጡ

ፊትን የሚያሳምም ነገር ብዙ ነው፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። አክስቴ ጉንጯ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ከዳነች በኋላ የላይ ጥርሷን ያማት ነበር። ጥርሷ ተነቀለ። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥርሱ ደህና ነበር፤ የታመመው ጥርሱን የሚያገለግለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «እዚህ ጋ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ነበር» ብላችሁ ጀምሩ። ራጅ ላይ ግልጽ ችግር ሳይታይ ጥርስ አታስነቅሉ።

ከቫይረሱ በኋላ የሚቀረው ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው። ሽፍታው በነበረበት ቦታ ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ ይሆናል። አብዛኛውን ቀን ያቃጥላል ወይም ይጠዘጥዛል። በመሃል ውጋት ይጨመርበታል። ቀለል ያለ ንክኪ ያሳምማል። ማሳከክና መደንዘዝም አብረው ይኖራሉ።

ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባለው ሌላው የፊት ሕመም ግን ይለያል። እሱ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው የሚያስደነግጥ፣ ከሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ የሚቆይ ነዘር ነው። በነዘሩና በነዘሩ መሃል ሰውየው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ሲያኝክ፣ ሲያወራ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ ይነሳበታል። የእሱ ዋና መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው። ለእኛኛው ሕመም ግን ካርባማዜፒን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው ይህን ያህል የማወራው። በተሳሳተው ስም የተጻፈ መድኃኒት ወራት ያባክናል።

ዕድሜያችሁ ከ50 በላይ ሆኖ ጆሮ ግንዳችሁን ካመማችሁ፣ ስታኝኩ መንጋጋ ከደከመባችሁ፣ እይታም ከጋረዳችሁ ይህ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። ዓይን ያጠፋል፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ደረጃ 4፦ ሕመማችሁን ካርታ ላይ አውጡት

ይህ ደረጃ ትንሽ ሥራ ይጠይቃል። ግን ለሐኪሙ ከምትሰጡት ነገር ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው።

መስታወት ፊት ተቀመጡ። ትንሽ ጥጥ በጣታችሁ ፈታ አድርጋችሁ ጫፉን አሹሉት። ከደህናው ጎን ጀምሩ። ጥጡን ግንባር ላይ በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ ተራ የጥጥ ስሜት እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። ከዚያ ወደታመመው ጎን ተሻገሩ። የሚያቃጥልበት የት ይጀምራል? የደነዘዘው የት ነው? ጥጡ ሳይሆን እሾህ የመሰላችሁ የት ጋ ነው? ዓይን ውስጥ ግን አትሞክሩ። ወረቀት ላይ ፊት ሣሉና የሚያመውን በአንድ ቀለም፣ የደነዘዘውን በሌላ ቀለም አቅልሙ። ሥዕሉ ማማር የለበትም።

ቀጥሎ ማስታወሻ ያዙ። በየቀኑ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። አንደኛ፣ የዛሬው ሕመም ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር? ሁለተኛ፣ ሌሊት ስንቴ ቀሰቀሳችሁ? ሦስተኛ፣ ሕመሙ ምን ከለከላችሁ? ፊት መታጠብ፣ መነጽር ማድረግ፣ በዚያ ጎን መተኛት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ አትጻፉ። ቀኑን ሙሉ ሕመምን እየመዘኑ መዋል ራሱ ያደክማል።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ጋ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

ካርታውን፣ ማስታወሻውን፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ። ሽፍታው የወጣበትን ቀን በግምትም ቢሆን። በስልክ ያነሳችሁት የሽፍታው ፎቶ ካለ እሱንም።

ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ተናገሩ፦ የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ ከፕሮስቴት ጋር የተያያዘ የሽንት ችግር፣ እርግዝና፣ መውደቅ ወይም ማዞር፣ የእንቅልፍ ወይም የድብርት መድኃኒት። ከዚህ በታች የማነሳቸው መድኃኒቶች ከእነዚህ ጋር ይጋጫሉ። ሐኪማችሁ የነርቭ ሐኪም መሆኑ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘም ጠቅላላ ሐኪም ሕክምናውን መጀመር ይችላል።

ደረጃ 6፦ መድኃኒቱን ከታች ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም። የሚረዱት የነርቩን ጩኸት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ በአንድ ክኒን አይሠሩም። በትንሽ መጠን ይጀመራሉ፣ በየጥቂት ቀኑ ከፍ ይላሉ፣ ውጤታቸው የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ለአምስት ቀን ውጦ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው መድኃኒቱን እንደመሞከር አይቆጠርም።

*ጋባፔንቲን።* ሰፊ አገልግሎት ያለው ይህ ነው። የተለመደው አጀማመር በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም ማታ፣ በሁለተኛው ቀን 300 ሁለቴ፣ በሦስተኛው ቀን 300 ሦስቴ ነው። ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ በቀን እስከ 1800 ሚሊግራም ይደርሳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ለአረጋውያን ግን በ100 ሚሊግራም ጀምሮ በሳምንት በሳምንት መጨመር ይሻላል፤ ፈዘዝ አድርጎ ይጥላቸዋልና። አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ መጠን መምጠጥ ስለማይችል በቀን ሦስቴ ተከፋፍሎ ነው የሚወሰደው። የጨጓራ አሲድ ማብረጃ የምትወስዱ ከሆነ በሁለቱ መሃል 2 ሰዓት ልዩነት ይኑር፤ ያለዚያ ሆድ ውስጥ ያግደዋል።

*ፕሪጋባሊን።* የጋባፔንቲን ዘመድ ነው። በቀን ሁለቴ ስለሚወሰድ ይቀላል። ብዙ ጊዜ በ75 ሚሊግራም ሁለቴ ይጀመራል፤ ለአረጋውያን ከዚያም ባነሰ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ አያስፈልግም።

*አሚትሪፕቲሊን።* የድብርት መድኃኒት ተብሎ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ሲታዘዝለት ይከፋዋል፤ «አእምሮዬ ነው የታመመው ማለት ነው?» ይላል። አይደለም። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው በትንሽ መጠን ነው፤ ድብርት የሌለበትንም ሰው ሕመም ይቀንሳል። ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ከመኝታ በፊት ይጀመራል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሌሊት ለሚሰቃይ ሰው ሁለት ጥቅም አለው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። ግላኮማ፣ የልብ ምት ችግርና ሽንት የመቋጠር ችግር ላለበት አይመከርም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

*ዱሎክሴቲን።* እላይ ያሉት ካልተስማሙ ሐኪሙ ይህን ሊሞክር ይችላል።

ከነዚህ መካከል አንዱን በቂ መጠን ላይ አድርሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት ስጡት። ማስታወሻችሁን ተመልከቱ። 8 የነበረው ወደ 4 ወይም 5 ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል። ብዙ ሰው ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ይጠብቅና በዚህ ያዝናል። እንዳታዝኑ። በጥናት የታየውም ይኸው ነው፦ ጋባፔንቲን ከወሰዱ 10 ሰዎች 3 ያህሉ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል፤ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት 10 ሰዎች ደግሞ 2 አይሞሉም። ይህ ማለት አንዱ መድኃኒት ላይሠራላችሁ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሊሠራ ይችላል። አንዱ ግማሽ መንገድ ካደረሳችሁ ሐኪሙ ሌላ አነስ ባለ መጠን ሊጨምርበት ይችላል።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አንድ፣ እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት አታቋርጡ። ሁለት፣ ሰውነታችሁ እስኪለምዳቸው መኪና አትንዱ፣ አልኮልም አትጠጡ። ሦስት፣ ትራማዶልና መሰል ጠንካራ ማስታገሻዎችን በራሳችሁ አትደርቡ። ከጋባፔንቲን ወይም ከፕሪጋባሊን ጋር ሲሆኑ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ደግሞ ትራማዶል ሌላ አደጋ አለው። ከጎረቤት ክኒን መዋስ ለዚህ ሕመም አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ቆዳ ላይ የሚደረግ

5 በመቶ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ያለው የሚለጠፍ ፓች ጥሩ አማራጭ ነው። በተለይ ክኒን ለሚያዞራቸው አረጋውያን። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ሽፋኑን ሳትልጡ በመቀስ በልክ ቆርጣችሁ በሚያመው ቦታ ላይ ለጥፉት። ቢበዛ ለ12 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቆዳው 12 ሰዓት ይረፍ። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ወደ ዓይንና ወደ አፍ አታስጠጉት። ፓች ካልተገኘ በሊዶኬይን የተሠራ ቅባት አለ፤ ይህም በሐኪም ምክር ይሁን።

ካፕሳይሲን የሚባል ከበርበሬ የሚወጣ ንጥረ ነገር ያለበት ቅባትም አለ። ለሌላ የሰውነት ክፍል ይረዳል። ለፊት ግን እኔ አልመክርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ያቃጥላል፤ ጣት ላይ የቀረ ቅባት ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጠንካራው 8 በመቶ ፓች ፊት ላይ ጨርሶ አይደረግም።

ቅጠል መቀባት፣ በጋለ ነገር መተኮስ፣ በረዶ በቀጥታ መያዝ ይቅርባችሁ። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አያስታውቅም፤ ስታውቁት ቆስሏል።

ደረጃ 8፦ ንክኪን ማስተናገድ

አንድ እንግዳ ነገር አለ። ይህን ሕመም አብዝቶ የሚቀሰቅሰው ቀላል ንክኪ ነው። የሻርፕ ጫፍ፣ የፀጉር ዘለላ፣ የነፋስ ሽውታ። ጠንከር ብሎ የረጋ ጫና ግን ብዙዎች ይችሉታል። ከዚህ ተነሥታችሁ ብዙ ነገር ማቅለል ትችላላችሁ።

ፊት ስትታጠቡ አትሹት። ለብ ያለ ውሃ በእፍኝ አፍስሱበት። ፎጣውን በፊት ላይ አታንሸራቱ፤ ለጥፋችሁ ያዙት፣ ከዚያ አንሱት። ነፋስ ያለበት ቀን ስትወጡ ልል ሻርፕ ከመጠምጠም ይልቅ ልሙጥ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የትራስ ልብሱ ለስላሳና ያልሻከረ ይሁን፤ ክር ወይም ጥልፍ የሌለበት። ግንባር ላይ የሚወርድ ፀጉር ወደኋላ ይያዝ። ጢም መላጨት ካሳመመ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር አድርጋችሁ ያዙ፤ ወይም ለጥቂት ወራት ተዉት። ውጋት ሲመጣ ደግሞ መዳፋችሁን በሚያመው ቦታ ላይ አሳርፋችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ብዙ ሰው ይህን ሳይማር ያደርገዋል።

ማሳከኩን አትናቁት። የደነዘዘ ቆዳ ሲያሳክክ ሰው ሳይታወቀው እስኪቆስል ያካል። ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን በእንቅልፍ ልብ ሲያኩ ጥልቅ ቁስል ያወጡ ሰዎች አሉ። ጥፍር አጥራችሁ ቁረጡ። ሌሊት ቀጭን የጥጥ ጓንት አድርጉ። የአለርጂ ክኒን ለዚህ ማሳከክ ብዙም አይሠራም፤ ምንጩ ነርቩ ነውና። ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት።

ደረጃ 9፦ እንቅልፍና መንፈስ

ሌሊት ሕመሙ የሚብስ የሚመስለው ሌላ የሚያዘናጋ ነገር ስለሌለ ነው። ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ሕመሙ ይብስበታል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ የበለጠውን መጠን ማታ ላይ ቢያደርገው ይረዳል። ራስን ከፍ አድርጎ በደህናው ጎን መተኛት ይቀላል።

ወራት የቆየ ሕመም ያስከፋል። ሰው ከሰው ይርቃል፤ «ንክኪ ያመኛል» ማለት ያሳፍረዋልና ሰላምታ ሳይቀር ይሸሻል። አስታማሚዎች፣ እባካችሁ «ምንም አይታይብሽም እኮ» አትበሉ። ይህ ቃል ከውጋቱ በላይ ያማል። «ዛሬስ ስንት ነው?» ብላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ሰላም ስትሉ በደህናው ጎን ሳሙ። መኖር ያስጠላው፣ ሞትን ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አይተው። መድኃኒቱን እናንተ ያዙለት። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ደረጃ 10፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀነሰ

ወደ ሕመም ሕክምና ስፔሻሊስት ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም እንዲልኳችሁ ጠይቁ። የነርቩ ቅርንጫፍ ላይ ማደንዘዣ መርፌ መውጋት አለ። ቦቱሊነም ቶክሲን (ቦቶክስ) ከቆዳ ሥር በትንሽ በትንሹ መወጋትም አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ለወራት ቀንሷል። ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቁ መሣሪያዎችም አሉ። ማንም ግን ነርቩን ቆርጦ ወይም አቃጥሎ እንዲያጠፋላችሁ አትቸኩሉ። የደነዘዘና የሚያም ፊት ሊያተርፍላችሁ ይችላል፤ እሱን ማከም ደግሞ ይከብዳል።

ስለ ክትባቱ

የቀረውን ሕመም አያድንም፤ ተመልሶ እንዳይመጣ ግን ይከላከላል። ሺንግሪክስ የሚባለው ክትባት በ2017 ጸድቋል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ እንዲሁም መከላከያቸው ለደከመ አዋቂዎች ይሰጣል። ሁለት መርፌ ነው፤ በመካከላቸው ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት አልማዝ ባለጭራን 97 በመቶ ያህል ተከላክሏል። ሕያው ቫይረስ የለበትም። አንዴ የያዘውም ሰው ሽፍታው ካለፈለት በኋላ መከተብ ይችላል። በምትኖሩበት አገር ካለ፣ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁንም አስቡ።

መድኃኒቱን መቼ መቀነስ ይቻላል?

ይህ ሕመም ብዙዎችን በወራት ውስጥ እየቀለለ ይለቃቸዋል። አንዳንዱን ለዓመታት ያቆየዋል። ስለዚህ ሕመሙ ለ3 ወር ያህል ረግቶ ከቆየ ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ መቀነስ መሞከር ይቻላል። ለምሳሌ ጋባፔንቲን ከሆነ በሳምንት 300 ሚሊግራም ቀንሱ፤ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አትቀንሱ። በየሳምንቱ የማስታወሻውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ካልጨመረ ወደሚቀጥለው ዝቅታ ሂዱ። ከጨመረና ለጥቂት ቀን ከቆየ መጨረሻ ላይ ወደተስማማችሁ መጠን ተመለሱና ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ እንደገና ሞክሩ። ሦስቴ አራቴ ሞክሮ የሚወርድ ሰው አለ፤ በትንሽ መጠን ለረጅም ጊዜ የሚቆይም አለ፤ ሁለቱም ደህና ነው። ኮርኒያው ደንዝዞ ከነበረ ግን ሕመሙ ቢለቅም የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ አታቋርጡ።